ቁጥሩ ከልጇ ቀድሞ ቤት ሲደርስ፦ የተማሪዎችን ባሕርይ በነጥብ ስለሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ባሕርይ በነጥብ የሚመዘግብና ለወላጅ የሚያሳውቅ የስልክ መተግበሪያ ሥራ ላይ ካዋለ አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን አልፏል። በእነዚህ ወራት መተግበሪያውን በየቀኑ ከፍቼ አይቻለሁ፣ ከልጄ መምህርት ጋር ደጋግሜ ተነጋግሬበታለሁ፣ በእሱም ምክንያት ልጄን ያለ አግባብ ቀጥቻለሁ። ተመሳሳይ አገልግሎት ለመጀመር የሚያስቡ ትምህርት ቤቶችና ፈቃዳቸውን የተጠየቁ ወላጆች አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል ብዬ የማምንበትን እነሆ ጽፌያለሁ። አስተያየቴ በአሠራሩ ላይ እንጂ በአምራቹ ላይ ስላልሆነ የመተግበሪያውን ስም አልጠቅስም።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በክፍሉ ዝርዝር ውስጥ በትንሽ ሥዕል ይወከላል፤ መምህሩ ሥዕሉን ነክቶ አስቀድመው ከተዘጋጁት ምክንያቶች አንዱን ይመርጣል። «ጓደኛን መርዳት» ወይም «በትጋት መሥራት» ከሆነ አንድ ነጥብ ይጨመራል፣ «ያለ ፈቃድ መናገር» ወይም «መመሪያ አለመከተል» ከሆነ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፤ ውጤቱም በዚያው ቅጽበት በወላጅ ስልክ ላይ ይታያል። በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ የተጨመረውንና የተቀነሰውን በክብ ሥዕላዊ መግለጫ የሚያሳይ ሪፖርት ይመጣል።

በጎ ጎኑን መደበቅ አልፈልግም። ልጄ ዝምተኛ ናት፤ የዋለችበትን ስጠይቃት «ደኅና ነበር» ከማለት አታልፍም። መተግበሪያው ባይኖር ኖሮ አዲስ ለመጣች ተማሪ ንባብ እንዳስጠናቻት በወቅቱ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ማታ ስለ እሱ እያነሣን ረጅም ጊዜ አወራን። ለመምህሩ መልእክት መላክም ቀላል ነው፣ መልስም ቶሎ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአርጩሜ፣ በቁንጥጫና በማንበርከክ ፋንታ የገባ መሣሪያ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ የማንም ልጅ ገላ አይነካበትም።

ችግሩ የሚጀምረው ነጥብ በሚቀነስበት ጊዜ ነው። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ «ያለ ፈቃድ ከመቀመጫ መነሣት» በሚል አንድ ነጥብ ተቀንሷል። ወዲያው ሌላ ተከተለ፤ «መመሪያ አለመከተል»፣ አሁንም አንድ ነጥብ። ልጄ እስክትመጣ ድረስ ቁጣዬ እየበሰለ ቆየ። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ «ዛሬ ደግሞ ምን ነክቶሽ ነው?» ብዬ ጀመርኩና መልሷን ሳልጠብቅ የዚያን ሳምንት ጨዋታዋን ሁሉ ከለከልኳት። አልተከራከረችም። የሆነውን የሰማሁት በማግሥቱ ከመምህርቷ ነው። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ነስሯት ኖሮ ልጄ ከመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ለስላሳ ወረቀት ልታመጣላት ተነሥታለች፤ ተቀመጪ ስትባልም ወረቀቱን ሳታደርስ አልተቀመጠችም። መምህርቷ በሰሌዳው ላይ እየጻፈች ስለነበር ደሙን ያየችው ዘግይታ ነው፤ ባየች ጊዜ ልጄን በክፍሉ ፊት አመስግናታለች፣ የቀነሰችውን ነጥብ መመለስ ግን ዘንግታለች። እኔ ዘንድ የደረሰው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሰላምታ በፊት «እማዬ፣ ስልኩን አየሽው?» ትለኝ ጀመር።

በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ ይኸው ነው፦ አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ ሁለተኛው ቀጪ ደግሞ በቦታው ያልነበረ ሰው ነው። መምህርት ልጅን በዓይኗ ገሥጻ ማለፍ ትችላለች፤ ነገሩ እዚያው ይጀመራል፣ እዚያው ያበቃል። መተግበሪያው ያንን የደቂቃ ተግሣጽ መዝገብ ላይ አስፍሮ፣ ምክንያቱን ወደ ሦስት ቃል አሳጥሮ፣ ልጁ ራሱ ከመናገሩ በፊት ቤት ያደርሰዋል። እኔ ጨዋታ ከለከልኩ፤ በትር የሚያነሣ ወላጅም አለ። ትምህርት ቤቱ ከክፍሉ ያስወጣው ዱላ በስልኩ ጥሪ አማካይነት ቤት ውስጥ ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ኤሊዛቤት ጌርሾፍና አንድሩ ግሮጋን ኬይለር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት፣ ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ባጠቃለለው ትንተና ውስጥ ልጅን በመዳፍ መቀመጫው ወይም እጅና እግሩ ላይ መምታት ከታዛዥነት ይልቅ ከጠበኝነትና ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ ማሳወቂያውን ለቤተሰብ የሚልክ ትምህርት ቤት ማሳወቂያው ቤት ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚያስከትል ሊገደው ይገባል።

በመተግበሪያው ላይ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር አንድ መስመር ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ። በዓመቱ ውስጥ ለልጄ ከተሰጡት ነጥቦች መካከል ማብራሪያ የነበራቸው ሦስት ብቻ ናቸው። መምህርቷን አልወቅስም፤ ትምህርቱን ሳታቋርጥ ነጥብ ለመቀነስ አንድ ንክኪ ይበቃታል፣ ለመጻፍ ግን ቆም ማለት አለባት። ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ነው። ነጥብ ሲቀነስ ማብራሪያው ግዴታ፣ ሲጨመር ደግሞ በውዴታ ቢሆን ኖሮ አብዛኛው ጉዳት ባልደረሰ ነበር።

ነጥብ መቀነስ ባሕርይን ያርማል ወይ የሚለውም ጥያቄ መነሣት አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ ኤፍ ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳወቀው ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዘንግ በመጫን ምግብ ማግኘት የለመዱ አይጦች ምግቡ ከተቋረጠባቸው በኋላ ዘንጉን በተጫኑ ቁጥር መዳፋቸው ይመታ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ መጫኑን ቀነሱ፣ ምቱ ሲቀር ግን ወደ ቀድሞው ተመልሰው በመጨረሻ ካልተመቱት ጋር ተቀራራቢ ቁጥር አስመዘገቡ። ልጅ አይጥ አይደለም፤ ነገር ግን የልጄ መምህርት የነገረችኝ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስልኳን ስታነሣ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ስታስቀምጥ ጫጫታው ይመለሳል። ልጆቹ የሚጠብቁት የመምህርቷን እጅ እንጂ የክፍሉን ደንብ አይደለም።

የሚጨመረው ነጥብም ቢሆን ያለ ጣጣ አይደለም። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ለሚሥሉት ሥዕል ሽልማት እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ ተነግሯቸው ነበር፤ ከተሸለሙ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ለሥዕል ያዋሉት ጊዜ ሽልማት ካልተነገራቸው ልጆች ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ልጄ ለዚያች አዲስ ተማሪ ንባብ ስታስጠና ነጥብ እንዳለው አላወቀችም ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ስትረዳ መምህርቷ ማየቷን ዞር ብላ ታረጋግጣለች፤ ይህን ራሷ ነግራኛለች፣ ስትነግረኝም አፍራ ነበር።

በፍጹም የማልስማማበት አሠራር የሁሉም ተማሪዎች ነጥብ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር እንዲታይ የሚያደርገው ገጽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የሕፃኑን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸም ይጠይቃል። ስሙ ዘወትር ከዝርዝሩ ግርጌ የሚታይ ልጅ፣ ማንም ባይመታውም፣ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንደዋለ ይቆጠራል። ወላጆች ስንጠይቅ ትምህርት ቤቱ ይህን ገጽታ ዘግቶታል፤ መተግበሪያው መዝጋትን መፍቀዱ ጥሩ ነው፣ ሲጀመር ክፍት ሆኖ መምጣቱ ግን ትክክል አይደለም።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለቱም ለመልእክት መለዋወጫው ናቸው። ልትጠቀሙበት የምትገደዱ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ወደ ማስተካከያው ገብታችሁ የነጥብ ማሳወቂያውን ዝጉ፤ የመምህሩ መልእክት ለብቻው ስለሚመጣ አስቸኳይ ነገር አያመልጣችሁም። ከመምህሩም ጋር ማብራሪያ የሌለው ቅነሳ ቤት ውስጥ እንደማይቆጠር ተስማሙ፤ የልጄ መምህርት በደስታ ነው የተቀበለችው።

እኛ ቤት ሪፖርቱ የሚከፈተው ዓርብ ማታ ሲሆን የምትከፍተውም ልጄ ናት። እያንዳንዱን ነጥብ እየነካች የሆነውን ትነግረኛለች፤ እኔ ጨርሳ እስክትነግረኝ ድረስ ስልኩን አልቀበላትም። ያለፈው ዓርብ አንዱ ቅነሳ ላይ ስትደርስ «ይሄኛው እውነቴን ነው፣ አጥፍቻለሁ» አለችኝና ወደሚቀጥለው አለፈች።