የእማዬን ጥርስ ለያዘችልን ሐኪም፣ እግዜር ይስጥልን

ማስታወቂያ አይደለም፤ ማንም አልከፈለኝም። ደስ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

እማዬ የመንጋጋ ጥርሶቿን ካስነቀለች ቆይታለች። የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስ አልይዝ ስላላት እንጀራ እንኳ በአንድ በኩል ነው የምታኝከው። ልጆቿ ተዋጥተን ኢምፕላንት፣ ማለት መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለውን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እናስገባላት አልን። መከራችን ከዚያ ጀመረ። አንዱ ጋ አፏን ሳያዩ ሂሳብ ነገሩን። ሌላው ጋ ኤክስሬዩን አየት አድርጎ "አጥንት የላትም፣ አይሆንም" ብሎ ለኔ ተናገረ። እሷ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እየሰማች! ስም አልጠራም። ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የያዘቻት ሐኪም ጋ የሄድነው በጎረቤት ጥቆማ ነው። ሲቲ ስካኑን ከፍታ ወንበሯን ወደ እማዬ አስጠጋች። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ፈትቶ እየሳሳ እንደሚሄድ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ለራሷ ለእማዬ አስረዳቻት። ስለዚህ ኢምፕላንቱ የሚቆምበት አጥንት መጀመሪያ መሞላት አለበት። ቦን ግራፍት የሚሉት እሱን ነው። የቀረውን አትጠይቁኝ፣ አልገባኝም።

እማዬ "የምን አጥንት ነው የምታስገቡብኝ?" አለች። የከብት ነው ስትባል ፊቷ ተቀያየረ። ዐቢይ ጾም ነበር። "የአሳማስ ቢሆን በምን አውቃለሁ?" ስትል እኔ አፈርኩ። ሐኪሟ ግን ማሸጊያውን አምጥታ አነበበችላት። ሥጋውና ስቡ ሁሉ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ የከብት አጥንት መሆኑን ነገረቻት። ከዚያ "እናቴ፣ ካልፈለጉት ከራስዎ መንጋጋ ከኋላ ወስደን መሥራት እንችላለን። ሰው ሠራሽም አለ። የንስሐ አባትዎን ጠይቀው ይምጡ፣ አይቸኩሉ" አለቻት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም።

አባ "መድኃኒት ነው" ብለው ፈቀዱ። ከፋሲካ በኋላ ተሠራላት። የዚያን ዕለት ማታ ሐኪሟ ራሷ ደወለች። "እናቴ፣ ቡና አልጠጡም አይደል?" ትኩስ ነገር ተከልክላ ነበርና። እማዬን ከስፌቱ ይልቅ ያመማት የቡናው ነገር ነው።

አጥንቱ እስኪጠነክር ከ4 እስከ 9 ወር ሊፈጅ ይችላል ተብለናል። ኢምፕላንቱ ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ግን ሳስቶ የነበረው ቦታ ሞልቶ አየነው። እማዬ ገብቷት እኔን ታስረዳኝ ጀመር።

ርካሽ ነው አልላችሁም። ግን ሂሳቡን ቀድማ በወረቀት ጽፋ ሰጠችን፤ ከዚያ አንድ ብር አልጨመረችም። "አጥንት የላችሁም" ተብላችሁ የተመለሳችሁ፣ እናት አባቶቻችሁን ይዛችሁ የምትንከራተቱ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ!