መብራት ሲጠፋ ሁሉን የሚረሳው የፍጆታ መለኪያ

ሶኬት ላይ የሚሰካ የመብራት ፍጆታ መለኪያ ገዝቼ ፍሪጁ ላይ ካዋልኩት ወራት አልፈዋል። ዋቱን፣ ቮልቴጁን፣ የተጠራቀመውን ኪሎዋት ሰዓት ያሳያል። ችግሩ አንድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የቆጠረውን ሁሉ ይረሳል።

አስቡት እስኪ! መብራት ሊቆጥር የተሠራ ዕቃ መብራት ሲሄድ ዜሮ ይገባል። ሻጩ "ሜሞሪ አለው፣ አታስቢ" ነበር ያለኝ። አልዋሸም፣ አለው። ውስጡ ትንሽ ባትሪ አለች፤ መጀመሪያ አካባቢ እሷ ይዛው ነበር። ከዚያ ደከመች። እንዳልቀይራት ሽፋኑ ተጣብቆ የተዘጋ ነው፣ አንድ ብሎን እንኳ የለውም። የሠሩት ሰዎች ሰፈር መብራት አይጠፋም መሰለኝ።

አሁን ማታ ማታ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቀን ላይ ከጠፋ የዚያ ቀን ሂሳብ በቃ፣ ሄደ። ሻጩ ይህን ቢሰማ "ታዲያ ዩፒኤስ ግዢለት" ይለኛል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ ማለቱ ነው። ዩፒኤሱም መብራት ይበላል እኮ ወንድሜ! እሱን ደግሞ በምን ልለካው?

መለኪያው የሚያሰላውን የብር ሂሳብም እርሱት። አንድ ዋጋ ብቻ ነው የሚቀበለው። የእኛ ታሪፍ ደግሞ በፍጆታ መጠን እርከን እርከን አለው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቀስ በቀስ እየጨመረ ነው።

ታዲያ ለምን አልወረወርኩትም? በፍሪጁ በር ላስቲክ ምክንያት። ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የማቀዝቀዣ ሞተሩ፣ ሲነሳ ወደ 130 ዋት ያሳያል፣ ሲያርፍ ሁለት ሦስት ዋት ላይ ይወርዳል። የእኔ ግን ሌሊት እንኳ፣ ማንም በሩን ሳይነካው፣ ብዙም አያርፍም ነበር። በቀን 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላ ነበር። በሩ ላይ ወረቀት ይዤ ዘጋሁና ሳብኩት፤ ከታች በኩል ምንም ሳይይዘው ሹልክ ብሎ ወጣ። ላስቲኩ ተቀይሮ 1.1 አካባቢ ገባ። በወር 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተረፈ ማለት ነው። ለነገሩ አንድ ቀን የጋገርኩ እንደሆነ 3500 ዋት ምጣድ በሰዓት ተኩል ከ5 በላይ ይወስዳል፤ የፍሪጁን የብዙ ቀን ቀለብ ባንድ ጊዜ።

ምጣዱን ግን እንዳትሰኩበት። የመለኪያው አቅም 16 አምፔር ነው፣ 3500 ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል እዚያው ጫፍ ላይ ነው የሚገኘው። ሊቀልጥ ይችላል። ለምጣድ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ የካርድ ቆጣሪውን ምጣዱ ከመሰካቱ በፊትና ከተነቀለ በኋላ አንብቡት። እሱ መብራት ቢጠፋም አይረሳም።

ከኋላው በብሎን የሚከፈት የባትሪ ክዳን ያለው ካገኛችሁ ግዙ። የእኔን ዓይነት የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ግን ሱቁ ውስጥ ይሰካላችሁ፣ ጥቂት ይቁጠር፣ ከዚያ ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት። ስታዩት ዜሮ ከሆነ ዋጋ አትጠይቁ።