ለአጥንት ሐኪሙና ለሲስተሯ፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሚሠሩ ሁለት ሰዎች ነው። አንዱ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነው፤ አንዷ ቁስል የምታጥበው ሲስተር። ስማችንን እንዳትጠቅስ ስላሉኝ አልጠቅስም።

የእህቴ ልጅ ደምቢያ ነው የሚኖረው። ዐሥር ዓመቱ ነው። ካቻምና ክረምት ድንገት አተኮሰው። ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ አመመው፣ መርገጥም አቃተው። አልወደቀም፣ አልተመታም። ምች ነው ተባለ፤ ወጌሻም አሸው። ሌላ ቦታ የአምስት ቀን መድኃኒት ተሰጠውና ትኩሳቱ በረደ። ከዚያ እግሩ ፈነዳ። መግሉ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይፈሳል። እንዲህ ከዓመት በላይ ቆየ። "ይቆረጣል" ያላት ሰው ስለነበር እህቴ ሐኪም ቤት ሲባል ትንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀን ከቁስሉ የክብሪት እንጨት የምታክል አጥንት ወጣች። በጥጥ ጠቅልላ አስቀመጠቻት።

ሐኪሙ ያን ጥጥ ሲፈታ አልተቆጣም። "እህቴ፣ እንኳንም አልጣልሻት" አላት። ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየን። በሽታው የአጥንት ኢንፌክሽን ነው፤ ባክቴሪያው በደም መጥቶ ልጆች ላይ አጥንት በሚያድግበት ጫፍ፣ በተለይ ጉልበት አካባቢ ይቀመጣል። መግሉ አጥንቱን ከሸፈነው ስስ ልባስ ሥር ሲጠራቀም ደም ይቋረጥና አጥንቱ ይሞታል። መድኃኒት የሚሄደው ደግሞ በደም ነው። ለዚህ ነው ኪኒን ብቻውን ያላዳነው። ሰውነት በሞተው ዙሪያ አዲስ አጥንት ይሠራል፤ ጎራዴ በአፎቱ እንዳለ ማለት ነው። ራጁ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው ጎራዴው ነው አለን።

በዚያው ሳምንት ኦፕራሲዮን የሚሆን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን "አፎቱ ገና ስስ ነው" አለ። የሞተው አሁን ከወጣ እግሩን የሚሸከም አይኖርም፤ ይሰበራል። ሦስት ወር ጠብቁ አለን። ለጊዜው ቅር አለኝ። ግን በየወሩ ቀጥሮ ራጅ አስነሣው፣ እግሩን በጀሶ ደገፈለት፣ እህቴ አንድ ነገር ሦስቴ ብትጠይቀው ሦስቴ መለሰላት። ከኦፕራሲዮኑም በላይ የማመሰግነው ስለዚያ ሦስት ወር ነው። በመጨረሻ የጣት ርዝመት ያለው የሞተ አጥንት ወጣ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለመለየትም ናሙናው ላቦራቶሪ ተላከ።

ሲስተሯን ደግሞ ልጁ አይረሳትም። ፋሻው ሲላቀቅ ይጮህ ነበር። እሷ በጨው ውኃ አርሳ፣ እስኪለቅ ትጠብቃለች። እስከዚያው የላሞቹን ስም ትጠይቀዋለች። በሳምንቱ የሁሉንም ስም በቃሏ ይዛዋለች!

ዘመዶቼ፣ ልጅ አተኩሶት እግሬን አልረግጥም ካለ እንዳታሹት። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ቶሎ ከተደረሰ መግሉ አጥንቱን ሳይገድል ይታከማል። ቁስሉ ከቆየባችሁም "ይቆረጣል" የሚለውን ሰምታችሁ ቤት አትቀመጡ። ከወረዳችሁ ሪፈር አጽፋችሁ ጎንደር አምጡት። የድሮውን ራጅ ሁሉ ያዙ። የጤና መድን ደብተራችሁ መታደሱንም እዩ፤ እኛን አንድ ቀን ያስመለሰን እሱ ነው።

ልጁ ክራንቹን ጥሏል። ትምህርት ቤት በእግሩ ይሄዳል፤ እግሩ ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ አያነክስም። ቀጣዩ ቀጠሮ ግንቦት ላይ ነው። እህቴ ለሁለቱም ከወዲሁ ቅቤ እያጠራቀመች ነው።