«5.1» የሚል የድሮ አኒሜ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት

የድሮ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) በዲስክ የምትሰበስቡ ልጆች፣ ይቺን አንብቧት። ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ «ሪማስተርድ፣ 5.1 ሰራውንድ፣ ሙሉ ስብስብ» እየተባለ የሚቸበቸብ ነገር በዝቷል። ሪማስተርድ ማለት ምስሉና ድምፁ ታድሷል ማለት ነው፤ 5.1 ደግሞ ድምፁ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የባስ ስፒከር ተከፋፍሏል ማለት ነው። እኔም አንዱን አዝዤ ደረሰኝ። ጃፓንኛው በርሜል ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላል። ሻጩን ገንዘቤን መልስልኝ ስለው «5.1 አይደል ያዘዝከው? 5.1 ነው» ብሎ ዘጋኝ።

እውነቱን ነው፣ 5.1 ነው። ችግሩም እሱ ነው። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለቴሌቪዥን የተሠሩት አብዛኞቹ አኒሜዎች ድምፃቸው ሞኖ (ሁሉም በአንድ መስመር) ወይም ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ብቻ) ነው። ድራጎን ቦል ዜድ ከ1989 እስከ 1996 ጃፓን ውስጥ የታየው በሞኖ ነው። ሽፋኑ ላይ 5.1 ካለ፣ በኋላ ሌላ ሰው የሠራው ድምፅ ነው ማለት ነው። ተጠንቅቀው የሚሠሩ አሉ። ሌሎቹ ግን ያንኑ ሞኖ በማሽን ወደ አምስት ስፒከር ይበትኑታል፤ ንግግሩ ይደክማል፣ ሙዚቃው ያስተጋባል።

ማስታወቂያው ላይ የዋናው ዳይሬክተር ስም በትልቁ መጻፉም አያታልላችሁ። ጃፓኖች ለድምፅ ብቻ የተመደበ ሰው አላቸው፤ ኦንክዮ ካንቶኩ ይሉታል፣ የድምፅ ዳይሬክተር ነው። በድምፅ ተዋንያን ምርጫው ይሳተፋል፣ ቀረጻውን ይመራል፣ ሙዚቃው የት እንደሚገባና የት ጸጥ እንደሚባል ይቆጣጠራል። የዚህን ሰው ሥራ መስማት ከፈለጋችሁ «ጃፓንኛ፣ የመጀመሪያው ሞኖ» ወይም «ስቴሪዮ» የሚል ምርጫ ዲስኩ ላይ መኖሩን አጣሩ።

ዳይሬክተሩ ራሱ ሲቀይረውስ? ጎስት ኢን ዘ ሼል የተባለውን የ1995 አኒሜ ፊልም ዳይሬክተሩ ማሞሩ ኦሺ በ2008 «2.0» ብሎ እንደገና አወጣው። ድምፁ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ስካይዎከር ሳውንድ ተሠራ። ፐፔት ማስተር የሚባለው ገጸ ባሕርይ በወንድ ድምፅ ይናገር የነበረው በሴት ተተካ! ወደዳችሁትም ጠላችሁትም ሌላ ፊልም ነው። «ያው ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የቆይታ ሰዓቱን እዩ። በሴኮንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተሠራ ፊልም ለአውሮፓ ዲቪዲ በ25 ሲሄድ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናል። የሁለት ሰዓቱ ፊልም አምስት ደቂቃ ገደማ ቀደም ብሎ ያልቃል፣ የሰዉም ድምፅ ይቀጥናል። ብሉሬይ ላይ ይሄ ችግር እምብዛም የለም።

ለአገር ቤት የምትልኩ፣ ሪጅን (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ምልክት) አትርሱ። የአሜሪካና የጃፓን ብሉሬይ «ኤ» ነው፤ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ «ቢ»። ዲቪዲ ከሆነ አሜሪካ 1፣ ጃፓንና አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። «ሁሉም ቦታ ይሠራል» የሚል፣ 26 ክፍል በሁለት ዲቪዲ የታጨቀ ርካሽ ስብስብ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ኮፒ ነው፤ ምስሉም ድምፁም ተጨምቆ ነው የገባው።

ስለዚህ ሻጩን የጀርባ ሽፋኑን ፎቶ ላክልኝ በሉት። የድምፁ ዓይነት፣ ሰዓቱና ሪጅኑ የሚጻፈው እዚያ ነው። የፊቱን ብቻ ደጋግሞ ከላከ ተዉት። ስትከፍሉም ገንዘብ ማስመለስ በሚቻልበት መንገድ ይሁን፤ «በቀጥታ ላኪልኝ፣ እቀንስልሻለሁ» ካለ ቅናሹ ይቅርባችሁ።