ስቱዲዮ ወይስ ደጅ? ለሙያ ፎቶግራፍ ከመነሳትዎ በፊት

ለሥራ ማመልከቻ፣ ለድርጅት ድረ ገጽ ወይም ለመጽሐፍ ጀርባ የሚሆን ፎቶግራፍ ለመነሳት የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ልብሱ ነው። እኔ ግን ቦታው ይቅደም እላለሁ። የልብሱ ቀለም፣ የቀጠሮው ሰዓት፣ የመነጽሩ ዓይነት ሁሉ የሚወሰነው በቦታው ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ስቱዲዮንና ደጅን ጎን ለጎን እንያቸው።

ስቱዲዮ ውስጥ ብርሃኑ በፎቶግራፍ አንሺው እጅ ነው። ያቀርበዋል፣ ያርቀዋል፣ በስስ ጨርቅ ያለዝበዋል። ጠዋት የተነሳውም ማታ የተነሳውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ፎቶ በአንድ ገጽ ላይ ተደርድሮ የሚወጣ ከሆነ ከስቱዲዮ የተሻለ አማራጭ የለም። ከወራት በኋላ የሚቀጠር ሰው እንኳ በዚያው የመብራት አቀማመጥ ተነስቶ ከቀደሙት ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

ደጅ ላይ ፀሐይ ለማንም አትታዘዝም። እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ስትቆም የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይሸፍናል፣ ከአፍንጫ ሥርም ጥቁር ጥላ ይወርዳል፤ ሌሊቱን በደንብ የተኛ ሰው የደከመ መስሎ ይታያል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ወይም ከመጥለቋ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ገደማ ግን ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ይለዝባል፣ ለቆዳም ሞቅ ያለ ቀለም ይሰጣል። ብዙ ሰው ሰማዩ ደመና ሲለብስ ቀጠሮውን ይሰርዛል። እባክዎ እንዲህ አያድርጉ! ዝናብ እስካልጣለ ድረስ ስስ ደመና ብርሃኑን ፊት ላይ በእኩል ስለሚያሰራጨው ከጠራራ ፀሐይ በብዙ ይሻላል። ቀጠሮው የግድ እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ሰፊ ጥላ ያለበት ቦታ መኖሩን ይጠይቁ። ከለምለም ሣር ወይም ደማቅ ቀለም ከተቀባ ግድግዳም ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ቀለሙ ተንጸባርቆ አገጭና አንገት ላይ ያርፋል።

ወደ ልብሱ ስንመጣ አንድ ነገር ለሁለቱም ይሠራል። በጣም ቀጫጭን መስመር ወይም ጥቃቅን ዳማ ያለበት ሸሚዝ ይቅር። ዲጂታል ካሜራ እንዲህ ያለውን ጨርቅ ሲያነሳ በዓይን የማይታይ የሚሞገድ መስመር ሊፈጥርበት ይችላል፤ ያንን ማስተካከል ደግሞ አድካሚ ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። ለስቱዲዮ የጀርባውን ቀለም አስቀድመው ይጠይቁ። ጥቁር ኮት በጥቁር ጀርባ ፊት ትከሻውን ያጠፋዋል፤ ራስ ብቻውን የተንሳፈፈ ይመስላል። የስቱዲዮ መብራት ርኅራኄ የለውም፤ ኮሌታው ጫፍ ላይ የቀረች አንዲት ክር፣ በመኪና ቀበቶ የተጨማደደ ደረት፣ ትከሻ ላይ ያረፈ ፀጉር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ልብሱን ተኩሰው በመስቀያ ይዘው ይሂዱና እዚያው ይቀይሩ። ደጅ ላይ ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስቸግረው ነፋስ ነው። ስስ ጨርቅና ያልተያዘ ፀጉር ግማሹን ጊዜ ይበሉብዎታል።

መነጽርን ብዙዎች ይረሱታል። በፀሐይ የሚጠቁር መስታወት ካለዎት ስቱዲዮ ውስጥ እንደጠራ ስለሚቆይ ችግር የለውም፤ ደጅ ግን ጥላ ውስጥ ቢቆሙም ሊጠቁርና ዓይንዎን ሊደብቀው ይችላል። ለደጅ ሌላ መነጽር ካለዎት ይያዙ። ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ የሚያሳስበው የመብራቱ ነጸብራቅ ነው፤ ፀረ ነጸብራቅ ቅብ ያለው መስታወት በእጅጉ ይረዳል። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም እንዲሁ ነው፤ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበት ቅባት በፍላሽ ብርሃን ፊትን አመዳም ሊያስመስል ስለሚችል ለስቱዲዮ ቀን አይመከርም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ የራስዎ ጠባይ ነው። ካሜራ ሲያዩ ትከሻዎ የሚወጠር ከሆነ ደጅን ይምረጡ። እየተራመዱ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ እያወሩ መነሳት ፊትን ያፍታታል፤ በመብራቶች መካከል ወለሉ ላይ በተለጠፈ ምልክት ላይ ቆሞ ዘና ማለት ግን ለሁሉም አይሆንም። ትእዛዝ ተቀብሎ መቆም የማይከብደው ሰው በስቱዲዮ ሥራውን በአጭር ጊዜ ይጨርሳል።

ፎቶግራፍ አንሺውን ቢሮ ድረስ መጥራትም አለ። ጊዜ ይቆጥባል፤ እኔ ግን የምመርጠው ሌላው ሁሉ ካልተመቸ ብቻ ነው። በመስኮት የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ሲሆን፣ ቢጫማ አምፖል ግን ወደ 3000 ይጠጋል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ ጉንጭ ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል። መስኮት አጠገብ ቁሙና አምፖሉን አጥፉ፤ ከኋላ ያለው ጠረጴዛም ይጽዳ።

ዋጋ ሲነጻጸር የሚጠየቀው የተነሱት ፎቶዎች ብዛት ሳይሆን ተስተካክለው የሚሰጡት ስንት እንደሆኑ ነው። ማስተካከሉ እስከ የት ይደርሳል? ብጉር ማጥፋት ተገቢ ነው፤ የፊትን ቅርጽ መለወጥ ግን አንባቢን ማታለል ስለሆነ እኔ አልቀበለውም። ለህትመት ካሰቡ 20 በ25 ሴንቲሜትር ለሆነ ጥራት ያለው ወረቀት ወደ 2400 በ3000 ፒክስል የሚደርስ ፋይል ያስፈልግዎታል፤ በስልክ መልእክት ተጨምቆ የሚላከው አይበቃም። ፎቶውን የት የት መጠቀም እንደሚፈቀድልዎ፣ ደጅ ከመረጡም ዝናብ ቢመጣ ቀጠሮው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዛወር እንደሆነ፣ ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ያስፍሩ።