ማራንዝ 2230 ወይስ ፓዮኒር ኤስ ኤክስ 780? ሸክላ ለሚሰማ ሰው

ባሕር ዳር ላይ «ሪሲቨር አለ?» ብለው ቢጠይቁ የዲሽ ነው የሚያወጡልዎት። እዚህ የምናወዳድረው ራዲዮ፣ አምፕሊፋየርና የሸክላ መግቢያ በአንድ ሣጥን የያዙትን እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹን ስቴሪዮዎች ነው።

ሻጭ ብዙ ጊዜ ስልኩን ኦክስ (ለስልክና ለመሳሰለው የሚሆነው መግቢያ) ላይ ሰክቶ ነው የሚያሰማው። በዚያ መንገድ ፎኖው፣ ማለትም የሸክላው መግቢያና ማጉያው፣ ጭራሽ አይነካም። ከመርፌው የሚመጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ፎኖው ይህን መቶ እጥፍ ያህል ያጎላዋል፣ ሸክላው ሲቀረጽ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅ ይመልሳል፣ የበዛውን ቀጭን ድምፅ ይቀንሳል። ስልክ ፎኖ ላይ ሰክተው አይሞክሩ፤ ስለሚበዛበት ድምፁ ይሰነጣጠቃል፣ ደህናው እቃ የተበላሸ ይመስልዎታል።

መምረጫውን ፎኖ ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይሰኩ ድምፁን ቀስ እያሉ ይክፈቱ። በግራም በቀኝም እኩል፣ ስስ «ሽሽ» ከተሰማ ጥሩ ነው። በአንዱ ወገን ብቻ ፈንዲሻ እንደሚፈነዳ ጠብ ጠብ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የፎኖው የመጀመሪያ ትራንዚስተር (ድምፁን የሚያጎላው ትንሽ እቃ) አርጅቷል። ከዚያ ሸክላ ያጫውቱ። አንዱ ወገን ከደከመ የግራና የቀኙን ገመድ ፎኖው ላይ ያቀያይሩ፤ ድካሙ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ጥፋቱ የመርፌው ወይም የገመዱ ነው፣ ባለበት ከቀረ የሪሲቨሩ። የሚጎመጉም ከሆነ ቀጭኗ የመሬት ሽቦ ከኋላ ብሎኗ ላይ መታሰሯን ይዩ።

በጉልበት ፓዮኒሩ ይበልጣል፤ በየወገኑ 45 ዋት ነው፣ ማራንዙ 30። ለሳሎን ግን 30 ዋት ይተርፋል። እኛ ማራንዙን የምንመርጠው ለጥገናው ነው። የፓዮኒሩ የኃይል ክፍል ኤስ ቲ ኬ 0050 የሚባል የታሸገ ጥቅል ስለሆነ ሲቃጠል ሙሉውን መቀየር ግድ ነው፣ ገበያው ደግሞ በፎርጂድ ተሞልቷል። የማራንዙን ትራንዚስተሮች አንድ በአንድ ነቅሎ መተካት ይቻላል።

ከኋላ «120 ቮልት» ብቻ ከተጻፈበት ቀጥታ 220 ላይ ሰክተው ትራንስፎርመሩን እንዳያቃጥሉት፤ ቢያንስ 500 ዋት የሚችል መቀነሻ ያስፈልጋል። መቀነሻው ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (የኮረንቲውን የሰከንድ ምት) አይለውጥም፤ የእኛ 50 ወደ አሜሪካው 60 አይቀየርም። ሞተሩ በመስመሩ ኸርዝ የሚሄድ የአሜሪካ ሸክላ ማጫወቻ እኛ ጋ በ50 ኸርዝ ሲሠራ የ45 ዙሩ ሸክላ በደቂቃ 37.5 ይዞራል፤ ዘፋኙ ድምፁ ጎርንኖ ይንቀረፈፋል።

ስፒከር ከማሰርዎ በፊት በቴስተር የስፒከሩን መውጫ ዲሲ (እንደ ባትሪ ያለ ቀጥተኛ ቮልት) ይለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ጤና ነው፤ ከ100 ካለፈ ስፒከር አያስሩ።

ጣና ዳር እርጥበቱ ቁልፎቹን ያዝጋቸዋል፤ ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው። ኮንታክት ክሊነር ነፍተው 20 ጊዜ ያህል ያዟዙሩት፣ ይበቃል። ከላይ ዳንቴል አያልብሱት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በክዳኑ ቀዳዳዎች ነው።