ክሩገራንድ፣ ሜፕል ሊፍ ወይስ ፓንዳ? የወርቅ ሳንቲም ልትገዙ ካሰባችሁ

መጀመሪያ ይህን ለዩ፦ የምትገዙት ወርቁን ነው ወይስ ሥዕሉን? ሦስቱም የታወቁ ናቸው። መሸጥ ሲመጣ ግን ይለያያሉ።

ክሩገራንድ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ አለ። 22 ካራት መሆኑን ሲሰሙ "ታዲያ ንጹሕ አይደለማ!" ብለው ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ። ተሳስተዋል። ባለ አንድ አውንሱ (የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው) ሲመዘን 33.93 ግራም ነው፤ ከዚያ ውስጥ 31.1 ግራሙ ንጹሕ ወርቅ ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። መዳብ ተጨመረበት እንጂ ወርቁ አልተነካም። መልኩ ቀላ ያለውም፣ ቶሎ የማይጫረውም ለዚህ ነው። ላዩ ላይ የገንዘብ መጠን እንኳ አልተጻፈም፤ ዋጋው የዕለቱን ወርቅ ይከተላል።

የካናዳው ሜፕል ሊፍ በ1979 ወጣ፣ ከ1982 ወዲህ ደግሞ ንጽሕናው 99.99 በመቶ ነው። ቆንጆ ነው፣ ግን ለስላሳ ነው። ሁለት ሜፕል ሊፍ አንድ ከረጢት ውስጥ ብትከቱ ይፋጫሉ፤ ጭረቱም ፊቱ ላይ ወዲያው ይታያል። እያንዳንዱን በየራሱ መያዣ አስቀምጡት።

ፓንዳ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ቻይና በ1982 የጀመረችው ሲሆን በአንድ ፊቱ የቤጂንጉ የሰማይ ቤተ መቅደስ አለ፣ በሌላው ፊት ያለው የፓንዳ ሥዕል ደግሞ በየዓመቱ ይቀየራል (የ2001ዱ ብቻ በ2002 ተደግሟል)፤ ሳንቲም ሰብሳቢ ሰው አንዴ ከጀመረ የጎደለችው ዓመት እንቅልፍ ትነሳዋለች። ለሥዕሉ ተጨማሪ ትከፍላላችሁ። ያንን ጭማሪ የሚመልስላችሁ ሌላ ሰብሳቢ ነው፤ የሰፈር ወርቅ ቤት በግራም ነው የሚያስበው። ከታሸገበት ፕላስቲክም አታውጡት፣ ሰብሳቢ የተከፈተ ሲያይ ዋጋ ይቀንሳል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ከ2016 ጀምሮ ትልቁ የተለመደው ፓንዳ 30 ግራም ነው። ከአንድ አውንስ ሳንቲም ጋር ዋጋ ስታወዳድሩ 1.1 ግራም ወርቅ ጎድሏል ማለት ነው። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገንዘብ ለማስቀመጥ ክሩገራንድ። ፓንዳ ሥዕሉን ለወደደ ብቻ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሳትከፍሉ መዝኑ፣ ስፋቱንና ውፍረቱንም በካሊፐር (በትንሽ የርዝመት መለኪያ መሣሪያ) ለኩ። ባለ አንድ አውንሱ ክሩገራንድ 32.77 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 2.84 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ክብደቱና ስፋቱ ልክ ሆኖ ውፍረቱ ከዚህ በደንብ ካለፈ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።